የበርሜልና የሰደፍ ትዳር

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ በዋናነት ከብረትና ከእንጨት ይሠራል፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ብረቱ ብረት፣ እንጨቱም እንጨት ሆኖ በመቅረቱ ነው። ብረት ሲሞቅ በመጠኑ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ከዚያ ያለፈ አመል የለውም። እንጨት ግን ከተቆረጠ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ዛፍነቱን አይረሳም። ዝናብ ሲሸተው ያብጣል፣ ሐሩር ሲገባ ይኮማተራል፣ ፀሐይ በአንድ ጎኑ ብቻ ካገኘችው ደግሞ አኩርፎ ይጣመማል። እነዚህን ሁለቱን አጋብቶ፣ ጉያቸው ውስጥ ባሩድ አቃጥሎ፣ አረሩ ዛሬም ነገም እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል ብሎ መጠበቅ ትልቅ እምነት ይጠይቃል።

በርሜሉ የሚተኛው በእንጨቱ ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ነው። ቦዩ ከኋላ የሚጀምረው የበርሜሉ ቂጥ ተደግፎ ከሚቆምበት የእንጨት ግድግዳ ነው። ከበርሜሉ ቂጥ አልፎ ወደ ሰደፉ አንገት የሚዘረጋ ጠፍጣፋ ብረትም አለ፤ ጭራ ቢባል ያስኬዳል። ጭራው በአንድ ወፍራም ብሎን ከአንገቱ ጋር ይታሰራል። ወደ ፊት ሲሄዱ ቦዩ እየቀጠነ እስከ እንጨቱ ጫፍ ይዘልቃል፤ ከበርሜሉ ሥር ደግሞ መጎስጎሻው ዘንግ የሚገባበት ሌላ ጠባብ ቦይ አለ። እንግዲህ መግጠም ማለት ብረቱ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ እንጨቱን ሳያስጨንቅ፣ እንጨቱም ብረቱን ሳያጣምም ተኝተው ማደራቸው ነው።

አዲስ ጠመንጃ እጁ የገባ ሰው የሚያደርገው ነገር በየአገሩ አንድ ነው። መጀመሪያ አንስቶ ክብደቱን በመዳፉ ይመዝናል፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ባያውቅም ራሱን በአድናቆት ይነቀንቃል። ቀጥሎ በአንድ ዓይኑ ወደ አፈሙዙ ያጮልቃል፤ ይህ ጎርሶ ሊሆን በሚችል በማንኛውም ጠመንጃ ላይ የማይመከር ተግባር ነው። ከዚያም ትከሻው ላይ ደግፎ አንድ ነገር ያነጣጥራል። ባሕር ዳር ላይ ከሆነ ዘንባባ አይጠፋም። ድሮ መንደር በነበረችውና ዛሬ በዮርዳኖስ ከታላቋ አማን ሰፈሮች አንዷ በሆነችው በተላዕ አል-ዓሊ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠው የውኃ ታንከር አለ። አማን ውስጥ የቧንቧ ውኃ በሳምንት በተወሰነ ቀን ብቻ ስለሚመጣ ታንከር የሌለው ጣሪያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ጎረቤትም ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ቢያውቅ እንኳ ሳምንቱን የሚያደርስ ውኃው ላይ ሲነጣጠር ደስ አይለውም። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠመንጃውን አጋድሞ ብረቱና እንጨቱ የተገናኙበትን መስመር የሚያይ ሰው አይገኝም። ገዢው ሁሉን መርምሮ የማይመረምረው ያንን መስመር ነው፤ ኋላ አረሩ ወደ ግራ ሲሄድበት የሚወቀሰው ግን ባሩዱ፣ ነፋሱ፣ አንዳንዴም ሻጩ ነው።

መስመሩን ለመመርመር የሚያስፈልገው መሣሪያ ኪስ ውስጥ አለ። የአንድ ዲናር ኖት ወስዶ በእንጨቱ ጫፍ በኩል ከበርሜሉ ሥር ማስገባትና ወደ ኋላ መሳብ ነው። ኖቱ ፈጽሞ ካልገባ ጫፉ ላይ እንጨቱ ብረቱን ይዞታል ማለት ነው። ገብቶ መሐል ላይ ቀጥ ካለ ደግሞ እንጨቱ እዚያ ቦታ ላይ ተቆልምሟል፤ ወይም ቦዩን የፈለፈለው ሰው እዚያ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሆኗል። በብር ኖት ቢሞከርም ውጤቱ ያው ነው፤ ምንዛሪው ቢወርድም የወረቀቱ ውፍረት አይቀንስም። በጎን በኩል በብረቱና በእንጨቱ መካከል ፀጉር የሚያህል ክፍተት ቢታይ ለዓይን አያምርም እንጂ ተኩሱን አይጎዳም። ብዙ ሰው የሚናደደው ግን በዚሁ በማይጎዳው ክፍተት ነው። በርሜሉን ከሥሩ ሆኖ ወደ ላይ የሚገፋው የተደበቀ ጉብታ ስለማይታይ ማንም አይቆጣውም።

ጉብታውን ፈልጎ ማግኘት የጥንት ሥራ ነው፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ አልተሻሻለም፣ መሻሻልም አያስፈልገውም። በርሜሉ ከእንጨቱ ይወጣና የሚጤስ ኩራዝ ላይ ሆዱ እስኪጠቁር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ጥላሸት የለበሰው ብረት በጥንቃቄ ወደ ቦዩ ይገባል፣ ከላይ በመዳፍ ጫን ይደረጋል፣ ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ይነሳል። ቦዩ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ከፍ ያለ እንጨት ነው። ባለሙያው ያንን ነጥብ በሹል መሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጎ ይፍቀዋል፤ ከዚያ እንደገና ኩራዝ፣ እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና ጫን። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ትልልቅ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እየተደጋገመ ሲሄድ ይበዙና ያንሳሉ፣ በመጨረሻም ቦዩ ከዳር እስከ ዳር በደቃቅ ጥቁር ነቁጥ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ብረቱ በሙሉ ገላው ተኝቷል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት የባለሙያው ጣት፣ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ የቤቱ መጋረጃና ሻይ የቀረበበት ብርጭቆም ያንኑ ነቁጥ ተካፍለዋል።

ትዕግሥት ያጠረው ባለቤት ከኩራዝ ይልቅ ብርጭቆ ወረቀት ይመርጣል። ወረቀቱን በዘንግ ላይ ጠቅልሎ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ይፈገፍገዋል፤ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም እኩል ይበላል፣ ጉብታው ጉብታነቱን እንደያዘ ቦዩ ብቻ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ሲነቀነቅ ይንኳኳል። የተፋቀ እንጨት ስለማይመለስ ሰውየው ቀጭን ቆዳ ወይም ወረቀት ቆርጦ ከሥሩ ያነጥፋል፤ ይህም ለጊዜው ይሠራል። ጠመንጃው ውስጥ ገብተው የቀሩ የሲጋራ ፓኮ ቁርጥራጮች የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

የኋላው ግድግዳ ግን ከቁንጅና ያለፈ ጉዳይ ነው። ባሩድ ሲነድ አረሩን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል በርሜሉን ወደ ኋላ ይራገጠዋል። ርግጫውን መቀበል ያለበት የበርሜሉ ቂጥ የተደገፈበት ሰፊው የእንጨት ግድግዳ ነው። ቂጡ ግድግዳውን ሳይነካ ጭራው ብቻ እንጨቱን ከነካ፣ ጭራው በየተኩሱ ወደ ሰደፉ አንገት እየተነዳ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። አንገት ደግሞ ሰደፍ ከሁሉ ይልቅ የሚቀጥንበት፣ ብሎኑ የሚያልፍበት፣ የቃታው ቤት የሚቦረቦርበት ቦታ ነው፤ እንጨቱ ቢነገረው ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ ይህን ሁሉ ሥራ ለመሸከም ፈቃደኛ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ቂጡን ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ያገናኝና ከጭራው ጫፍ ኋላ የወረቀት ውፍረት የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ክፍተቱን አይቶ «አበላሸው» ይላል። ሠሪው ክፍተቱን ለማስረዳት የሚያጠፋው ጊዜ ቦዩን ለመፈልፈል ካጠፋው የማይተናነስበት ቀን አለ።

ብረቱን የሚሠራውና እንጨቱን የሚሠራው ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን አያቀለውም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓለም ታላላቅ የጠመንጃ ገበያዎች አንዷ በነበረችው በቤልጂየሟ ሊየዥ በርሜል ቀጥቃጩ፣ ቃታ ሠሪው፣ እንጨት ፈልፋዩ እያንዳንዱ በየቤቱ ይሠራ ነበር፤ ዕቃው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ እየተዘዋወረ ነው ጠመንጃ የሚሆነው። ጠመንጃው የሳተ እንደሆነ ብረት ሠሪው እንጨቱን፣ እንጨት ሠሪው ብረቱን፣ ሁለቱም በአንድነት ተኳሹን ይወቅሳሉ። የመጨረሻው ወቀሳ በብዙ አጋጣሚ ትክክል መሆኑ የሁለቱን ጥፋት ሲሸፍን ኖሯል።

በርሜልን ከእንጨት ጋር አስሮ የማቆየት ዘዴው ብዙ ቢሆንም እንደ ሐበሻ ጋብቻ በሦስት ይከፈላል፤ ደሞዝ፣ ሰማንያና ቁርባን። ደሞዙ ቀለበት ነው። ብረቱንና እንጨቱን አንድ ላይ የሚከብ የብረት ቀለበት ከአፈሙዙ በኩል ይገባል፤ ሲፈለግ ወደ ፊት ተገፍቶ ይወጣል፣ ማንም ማንንም አይከስም። ፈረንሳዮች ይህን እ.ኤ.አ. በ1728 በወጣው የጦር ጠመንጃቸው ላይ አድርገውታል፤ ወታደር ምን ያህል እንደሚያፈርስና እንደሚገጥም ስለሚያውቁ ነው። ሰማንያው ሽብልቅ ነው። ከበርሜሉ ሆድ ሥር ቀዳዳ ያለው የብረት ጆሮ ይበየዳል፤ ጠፍጣፋ ሽብልቅ ከአንዱ የእንጨት ጎን ገብቶ በጆሮው አልፎ በሌላው ጎን ብቅ ይላል። ሽማግሌ ሲጠራ ይፈታል፣ ሲታረቁ ተመልሶ ይገባል። ከሽብልቅ ጋር የሚሄደው ብልሃት ደግሞ የበርሜሉ ቂጥ ጭራው ላይ በመንጠቆ እንዲያዝ ማድረግ ነው፤ ሽብልቁ ሲወጣ በርሜሉ ከፊት ቀና ተደርጎ ይነሳል፣ ጭራው ከነብሎኑ ከእንጨቱ ጋር ይቀራል። በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ጄኮብና ሳሙኤል ሃውከን የተባሉት ወንድማማቾች ለተራራ አዳኞች የሠሯቸው ወፋፍራም ጠመንጃዎች በዚህ ሥርዓት የተጋቡ ናቸው። በሽብልቅ ፈንታ ቀጭን ችንካር የሚጠቀሙም አሉ፤ የእንግሊዞች «ብራውን ቤስ» አንዱ ነው። እሱም ሰማንያ ነው፤ ግን ችንካሩ በተነቀለ ቁጥር ከቀዳዳው ዳር ስንጥር ይዞ ስለሚወጣ በየፍቺው ንብረት ይጎድላል።

ቁርባኑ የዘመናችን ነው። ቦዩ በኤፖክሲ ማጣበቂያ ይቀባና በርሜሉ እዚያ ላይ ይተኛል፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ የብረቱን ቅርጽ እንዳለ ይቀዳል፣ ጉብታም ጉድጓድም አይቀርም። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ በርሜሉ አስቀድሞ ሰም መቀባት አለበት። ሰሙ የተረሳ እንደሆነ ብረትና እንጨት እስከ ዕለተ ሞት አይለያዩም፤ ጳጳስም አይፈታቸውም። የሚቀረው መፍትሔ መጋዝ ነው።

ለምንድን ነው ግን በርሜሉ መውጣት ያለበት? ምክንያቱ ባሩዱ ነው። የድሮው ጥቁር ባሩድ በግምት 75 እጁ ጨው ጴጥሮስ፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ሲቃጠል ግማሽ ያህሉ ጋዝ አይሆንም፤ ከፊሉ ጥቀርሻ ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ጥቀርሻው እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ብረቱንም ባንድ ሌሊት ያዝገዋል። የሚያጸዳው ደግሞ ዘይት ሳይሆን ሙቅ ውኃ ነው። ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ይወሳሰባል፤ ብረቱን ከዝገት ለማዳን የሚፈስሰው ውኃ ቦዩ ውስጥ ቢገባ እንጨቱን ያሳብጠዋል። በርሜሉን ነቅሎ ባልዲ ውስጥ ማጠብ የሚቀለው በሽብልቅ የተያዘ ከሆነ ነው። ዘመናዊ ጠመንጃ የያዘ ሰው ይህን ጣጣ አያውቅም፤ ባለ መጎስጎሻው ግን አንድ ቀን ተኩሶ ሁለት ቀን ልብስ አጣቢ ይሆናል። አገራችን ለዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል ስም ያወጣችው በተኩሱ መሐል ስላለው መቆየት ነው እንጂ እጥበቱንማ ቢቆጥሩት «ነገ ተመለስ» ይሉት ነበር።

የብረቱ መለጠጥም መዘንጋት የለበትም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በርሜል በ50 ዲግሪ ቢሞቅ 0.6 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። እንጨቱ በተቃራኒው በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ የሚያብጠውና የሚሰልለው በወርዱ ነው። 40 ሚሊሜትር ወርድ ያለው የፊት እንጨት ከመቶ አንድ እጅ ቢኮማተር 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ጠባብ ቦይን መንጋጋ ለማድረግ ይበቃል። አንዱ በቁመት፣ ሌላው በወርድ የሚያድጉ ሁለት ፍጥረታት ናቸው። ስለዚህ ችንካሩ የሚያልፍበት የብረት ጆሮ ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ ቀዳዳ ይደረግለታል፤ በርሜሉ በቁመቱ ትንሽ ቢንፏቀቅ እንጨቱን ይዞ አይጎትትም። ርካሽ ጠመንጃ ላይ ይህ ቀዳዳ ክብ ሆኖ ይገኛል።

ተላዕ አል-ዓሊ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መፈተኛ ናት። ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሰፈር ስለሆነች ክረምቷ ዝናብና ብርድ፣ አንዳንድ ዓመት በረዶም ነው። በጋዋ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ጠብታ አይታይባትም፤ በፀደይ ደግሞ ከበረሃ የሚመጣው ኸማሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ የእንጨትን እርጥበት ይመጠዋል። ጠመንጃ ከጌጥነቱ የተነሳ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ችግሩ ይብሳል። ክረምት ሲሆን ሶባ የሚባለው የጋዝ ምድጃ ሳሎኑ መሐል ይቀጣጠላል፤ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠመንጃውም የተሰቀለው ወደ ላይ ነው። እንግዳው ከታች እግሩን እየበረደው ሻይ ሲጠጣ ሰደፉ ከላይ ይጠበሳል። ውጭ ዝናብ ቤት ውስጥ በጋ የሆነበት እንጨት የትኛውን ወቅት እንደሚያምን ይቸግረዋል፤ በመጨረሻ የሚወስነው አንገቱ ላይ በመሰንጠቅ ነው። ከሶባው ራቅ ያለ፣ ከውጭ ጋር የማይዋሰን ግድግዳ ይሻላል። የቤቱ እመቤት ግን ያ ግድግዳ የቴሌቪዥን ነው ማለቷ አይቀርም።

የአካባቢው የድሮ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን አየር ጠባይ ያውቁት ነበር ለማለት ያስደፍራል። የዓረብ ባላገር እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የያዘው፣ በሚጤስ ክር የሚተኮሰውና አቡ ፈቲላ የሚባለው ረጅም ጠመንጃ ችንካርም ብሎንም ብዙ አይወድም። ቀጭኑ እንጨት ከበርሜሉ ጋር በናስና በብር ቀለበት፣ በሽቦ፣ በቆዳ ጭምር ተጠፍንጎ ነው የሚያዘው። እ.ኤ.አ. በ1878 አማን ፍርስራሽ ላይ ሰፍረው የዛሬዋን ከተማ የጀመሩት ሸርከሶች በመጡበት በካውካሰስም የጠመንጃው እንጨት ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ጫፉ አጥንት ወይም የዝሆን ጥርስ የተገጠመለት፣ በርሜሉም በቀለበት የተያዘ ነበር። ቆዳ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይለጠጣል፣ አብሮ ይጠብቃል። አቡ ፈቲላ የኸማሲንን ነፋስ በደሞዝ ጋብቻ ሲቋቋም ኖሯል።

የኢትዮጵያ ነገር ከዚህ ይልቅ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1541 ከክርስቶፎ ዳ ጋማ ጋር ምፅዋ የወረዱት 400 ፖርቱጋላውያን የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ነበር፤ ግራኝ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ የወደቀውም በነፍጥ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ራሱ እንደጻፈው ከአንድ ባለሟል ጋር በጠመንጃ ነገር ተጣልቶ፣ በዓፄ ተክለ ሃይማኖት ፊት በአረር ፈንታ የሞራ ሻማ ግማሽ አጉርሶ ሦስት ጋሻ በሳ፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ ጠረጴዛ። ይህ ታሪክ ባለ መጎስጎሻ ጠመንጃ ያጎረሱትን ሁሉ እንደሚበላ ከማስረዳቱም በላይ ስለ ብሩስ ሰደፍ አንድ ነገር ይናገራል። ጋሻዎቹ ሲበሱ የተወራው ስለ ሻማው ነው፤ ርግጫውን የተቀበለውን እንጨት ያነሳው ግን የለም።

ጠመንጃ ከኋላ መጉረስ ሲጀምርም እንጨቱ ወዲያው አልተለወጠም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በሚባለው ስፍራ የዓፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመው የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርሰውን ስናድር ይዞ ነበር፤ የቴዎድሮስ ሰዎች አብዛኛው መሣሪያቸው ገና በአፈሙዝ የሚጎርስ ነው። ስናድር ግን ያን ያህል አዲስ ነገር አልነበረም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1853 የሠሩትን ባለ መጎስጎሻ ኤንፊልድ የበርሜሉን ቂጥ ቆርጠው መክፈቻ አበጁለት፤ ሰደፉ፣ ቃታው፣ ቀለበቶቹ እንዳሉ ቀሩ። ትዳሩ ያው ትዳር ነው፤ የጉርሻው በር ብቻ ከፊት ወደ ኋላ ዞረ። ጋፋት ላይ የተቀለጠው የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር፤ ሰደፍም የለው፣ የሚራገጠው ትከሻም የለው።

ለበርሜልና ለሰደፍ ፈተና ግን ከሁሉ የሚከፋው መንገድ አርተር ራምቦ ያስጓዘው ጭነት ያለፈበት ነው። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ይህ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ያሰበው ዕቃ ምን እንደሆነ አልደበቀም። ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ አሮጌ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሊየዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛሉ፣ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣሉ። ብዛታቸው 2,000 ያህል ነበር። በአውሮፓ ጭጋግ ውስጥ ያረጀ እንጨት በመርከብ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ታጁራ ላይ ወራትን ቆየ። ከዚያ በግመል ተጭኖ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ በኩል አለፈ፣ የአፋርን በረሃ ተሻገረ፣ አንኮበርን ወጣ፣ በ1887 ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ደረሰ። ከጭጋግ ወደ እቶን፣ ከእቶን ወደ ውርጭ ማለት ነው። እንጨት እንዲህ ሲጓዝ ብሎኑ ይላላል፣ ቀለበቱ ይንኳኳል፣ የጭራው ሥር ይሰነጠቃል። ምኒልክ ለጭነቱ ራምቦ የጠበቀውን ያህል አልከፈሉም። ራምቦ ይህን በደል አድርጎ ቆጥሮታል፤ ዕቃውን አንስቶ ቀለበቱን የነቀነቀ ሰው ግን ንጉሡን ለመውቀስ ይቸገራል።

የተሰነጠቀ ሰደፍ ኢትዮጵያ ውስጥ አይጣልም። ስንጥቁ በእርጥብ ጠፍር ይጠመጠማል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተራልና ሁለቱን የእንጨት ክፋዮች ብሎን በማያደርገው ጥብቀት ያቀራርባቸዋል። አልጋውን የሚወጥረው ቆዳ ጠመንጃውንም ያድናል። ጥገናው መልክ የለውም፤ ሆኖም በአዲስ የተተካ ሰደፍ ባይታመንም ጠፍር የተጠመጠመበት ይታመናል፤ ቀድሞውኑ የመሰንጠቅ ዕድሉን ተጠቅሞበታልና። አዲስ እንጨት ማስፈልፈል የፈለገ ደግሞ በወይራና በዋንዛ መካከል ይዋልላል። ወይራ ጠንካራ ነው፣ አይበላም፣ ግን መሮ ያደነዝዛል፣ ጠመንጃውንም ተሸካሚው እስኪማረር ያከብደዋል። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ ቀላል ነው፤ የኋላው ግድግዳ ግን በርግጫ ብዛት ይረገጣልና በርሜሉ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ ይሸሻል። አውሮፓውያኑ የሚመርጡት ዋልነት በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ዛሬም ጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተውና ባለ መጎስጎሻ ጠመንጃ እንደ አዲስ የሚሠራው ዳቪዴ ፔደርሶሊ የተባለ ኩባንያ ሰደፉን በብዛት ከዋልነት ያወጣዋል። ዮርዳኖስ ወይራ ሞልቷታል፤ ፍሬውን የሚበላ አገር ግን ዛፉን ለሰደፍ ቁረጡልኝ የሚለውን ሰው በደግ ዓይን አያየውም።

ቦዩ ከተስተካከለ፣ ቂጡ ግድግዳውን ከነካ፣ ሽብልቁ በአውራ ጣት ግፊት ገብቶ በትንሽ ምት የሚወጣ ከሆነ የሚቀረው ቅባት ነው። ሽብልቅ በመዶሻ ብቻ የሚገባ ከሆነ አልገጠመም፤ በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ጎንበስ ተብሎ ሣር ውስጥ ይፈለጋል፣ አይገኝም፣ በምስማር ይተካል። ቅባቱ ከተልባ የሚወጣ ዘይት ነው። ሁሉም ሰው ውጩን እስኪያብረቀርቅ ያሸዋል፤ የቦዩን ውስጥ ግን ማን ያየዋል ብሎ ደረቁን ይተወዋል። እርጥበት የሚገባው በዚያው ነው። የቦዩ ውስጥ፣ የጭራው ማረፊያ፣ የብሎኑ ቀዳዳ፣ ሰደፉ ትከሻ የሚነካበት ጫፍ ሁሉ ዘይት መጥገብ አለባቸው። በተልባ ዘይት ፈንታ ቅቤ የሚቀቡ አይጠፉም፤ እንጨቱ ለጥቂት ቀን ያምርበታል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ አይጥ ሰደፉን ታገኘዋለች። ዘይቱ የታሸበት ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ መጣል የለበትም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃልና ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ዘይቱ በስሱ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይደገማል። በተላዕ አል-ዓሊ በጋ አንዱ ቅብ ቶሎ ይደርቃል፤ አዲስ አበባ በሐምሌ የተቀባ እንጨት ግን መስቀል እስኪደርስ በእጅ ባይነካ ይመረጣል።